የሞተር መጋዝ ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን እንሥራ

ቴሌግራም ላይ የእቃ ሽያጭ ቻናል የምትከታተሉ ከሆነ አይታችሁታል። ብርቱካናማ የሞተር መጋዝ፣ «አዲስ፣ እሽግ፣ ኦሪጅናል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ ትልቅ ባህር ዛፍ በግማሽ ደቂቃ ሲጥል የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ኮመንቱ ሁሉ «ወንድሜ፣ ስንት ነው?» የሚል ነው።

ከወልቂጤም ከቡታጅራም ልጆች ይህንኑ ይጠይቁኛል። «ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? ሦስት ሆነን ቼይንሶ ብንገዛ ያዋጣናል?» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው፤ ያዋጣል። ግን አብዛኞቻችን ሒሳቡን የምንጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። የማሽኑን ዋጋ እንጠይቃለን፣ እንከራከራለን፣ እናስቀንሳለን። ማሽኑ በሰዓት ምን እንደሚበላና በእግራችን ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ግን አንጠይቅም። ገንዘብ የሚጠፋውም ሰው የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

ሥራው ለምን እኛ ጋ በዛ?

ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲቸግራት ነው። ከዚያ ወዲህ የጉራጌ ገበሬ ባንክ አድርጎታል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ፣ ሠርግ ሲደርስ፣ ሰው ሲታመም አንድ ጥግ ይቆረጣል። ቀጭኑ አጣናና ማገር ሆኖ ይሸጣል፣ ወፍራሙ ቋሚና ወራጅ ይሆናል፣ የቀረው ለፍልጥ ይሄዳል። አዲስ አበባ ፎቅ ሲሠራ የምታዩት የእንጨት መወጣጫ ብዙው የባህር ዛፍ አጣና ነው።

ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ናት፣ ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ ላይ። ሁለቱም የጭነት መኪና የማይጠፋባቸው፣ በዙሪያቸው ባህር ዛፍ የሞላ ከተሞች ናቸው። የዳቦ ቤቱ፣ የሆቴሉ፣ የክትፎ ቤቱ ምድጃ በአብዛኛው እንጨት ይበላል። በዚህ ላይ መስቀል አለ። ሴቶቹ ቆጮውንና ቅቤውን ሲያሰናዱ እንጨት ፈልጦ መከመር የወንዱ ሥራ መሆኑን ማንም ጉራጌ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ሳይደርስ ክምሩ መቆም አለበት። ስለዚህ ፍላጎት አለ። የጎደለው በደንብ የሚሠራ ሰው ነው።

ዋጋውን ሳይሆን ሰዓቱን አስሉ

ለስሌት እንዲመቸን ማሽኑ 60 ሺህ ብር ነው እንበል። የእናንተ ዋጋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በቦታው እየተካችሁ አስሉ።

ይህ ማሽን በአያያዝ ጉድለት 200 ሰዓት ሠርቶ ቢሞት፣ ማሽኑ ብቻውን በሰዓት 300 ብር አስወጥቷችኋል ማለት ነው። ተጠንቅቃችሁ ይዛችሁት 1,000 ሰዓት ቢሠራ በሰዓት 60 ብር ይሆናል። እቃው ያው ነው፣ የገዛችሁበት ዋጋም ያው ነው፤ ወጪው ግን በአምስት እጥፍ ተለያየ። ሻጩን ለምናችሁ ሁለት ሺህ ብር ከማስቀነስ ይልቅ የአየር ማጣሪያውን በየቀኑ ማራገፍ የበለጠ ትርፍ አለው።

አሁን ቤንዚኑን ጨምሩበት። መካከለኛ ማሽን በሥራ ላይ በሰዓት አንድ ሊትር፣ ሲብስ አንድ ተኩል ሊትር ይጠጣል። ቤንዚን ደግሞ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። በደንብ የተያዘ ማሽን ከሆነ እንግዲህ ነዳጁ ከማሽኑ ይበልጣል። ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ ሰንሰለቱ ከደነዘዘ ያንኑ ዛፍ ለመቁረጥ እጥፍ ሰዓት ይፈጃል፣ እጥፍ ቤንዚን ያቃጥላል፣ ሞተሩም ክንዳችሁም ያልቃል። በዚህ ሥራ ላይ ትልቁ ቁጠባ ያለው አንድ ክብ ሞረድ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ማሽኑም፣ ሰንሰለቱም፣ ዘይቱም ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ሲበላሽ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው አነጋገር ከዚያ በፊት ሞኝነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኪሳራ ነው።

ሰንሰለት፣ ቤንዚን፣ ዘይት

ሰንሰለቱ የተሳለ መሆኑን ለማወቅ ማሽን አዋቂ መሆን አያስፈልግም። መሬት ላይ የወደቀውን ሰጋቱራ እዩ። ፍርፋሪው ትልልቅ ከሆነ ተስሏል። እንደ ዱቄት ከደቀቀ ደንዝዟል፤ ማሽኑን መግፋት ከጀመራችሁም እንዲሁ። የተሳለ ሰንሰለት እንጨቱን ራሱ ይጎትታል።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። አንድ ታንክ ቤንዚን ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ ሞርዱ። አንግሉ በአብዛኛው 30 ዲግሪ ነው፤ ብዙ ሰንሰለቶች ጥርሱ ላይ ምልክት አላቸው። የሞረዱ ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ይለያያል፤ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ 5.2 ሚሊ ሜትርና 5.5 ሚሊ ሜትር የተለመዱት ናቸው። ሰንሰለቱን ስትገዙ «የስንት ሚሊ ሞረድ ነው?» ብላችሁ አብራችሁ ግዙ። በግራ በኩል ያሉት ጥርሶች በቀኝ ካሉት ካጠሩ ማሽኑ ቀጥ ብሎ መቁረጡን ትቶ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ቁጠሩ፤ ለሁሉም እኩል ስጡ።

የቤንዚኑ ነገር ደግሞ የብዙ ማሽን መቀበሪያ ነው። እነዚህ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ቤንዚኑ ውስጥ የሚደባለቀው ዘይት ነው ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው። መጠኑን ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ዘይቱ 1 ለ50 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ25 የሚል ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ነው። በኮካ ክዳን አትለኩ። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ ዋጋው የሻይ ነው፣ የሚያድነው ፒስቶን ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ለባለ ሁለት ምት ተብሎ የተሠራውን ብቻ ተጠቀሙ። የደባለቃችሁትን ከወር በላይ አታስቀምጡ፤ ከመቅዳታችሁ በፊትም ናጡት።

ሁለተኛው ዘይት የሰንሰለቱ ነው። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር እሱንም ሙሉ። መድረሱን ለማወቅ የባሩን ጫፍ ወደ አንድ ነጭ ጉቶ አስጠግታችሁ፣ ሳታስነኩ፣ ቤንዚን ስጡት፤ ቀጭን የዘይት መስመር ከታየ ደርሷል። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ይገኛል ብላችሁ እሱን አትጨምሩ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፣ የዘይት ፓምፑን ይጨርሳል። እየተረጨ ቆዳችሁ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር አለበት።

የትኛውን እንግዛ?

ለአጣናና ለማገር ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ብዙ ሰው ቪዲዮ አይቶ ረጅሙን ባር ይመርጣል። ረጅም ባር ማለት ክብደት፣ ተጨማሪ ቤንዚንና ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ጫፍ ማለት ነው። ባሩ ከምትቆርጡት ዛፍ ውፍረት ጥቂት ቢበልጥ ይበቃል።

የታወቁ የጀርመንና የስዊድን ብራንዶች ሥዕልና ቀለም እየተቀዳ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ማሽን ብዙ ነው። ርካሽ ማሽን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ በራሱ ስም የሚሸጥ የቻይና ማሽን በአግባቡ ከያዛችሁት ይሠራል። የኔ ችግር ስሙን ሰርቆ ከሚሸጠው ጋር ነው። በስሙ የዋሸ ሻጭ በፍሬኑም ይዋሻል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ከፊት እጀታው በፊት ያለው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ወዲያው ይቆማል ወይ? ሁለተኛ፣ ማሽኑ ቤንዚን ሳይሰጠው ሲንተከተክ ሰንሰለቱ ይዞራል ወይ? መዞር የለበትም። ሦስተኛ፣ ሰንሰለት፣ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ እዚሁ ከተማ ይገኛል ወይ? መርካቶ ድረስ ለአንድ ካንዴላ የሚያስኬድ ማሽን፣ የትራንስፖርቱን ጨምራችሁ ስታስሉት ርካሽ አይደለም።

አሁን የመጡት በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የባትሪ መጋዞችስ? ለአቮካዶና ለቡና መገረዣ፣ ለቀጭን አጣና ማሳጠሪያ ጥሩ ናቸው። ቤንዚን ፍለጋ የለ፣ ጩኸት የለ። ዛፍ መጣያ ግን አይደሉም። በአንድ እጅ ስለሚያዙም ሌላው እጅ ሳያውቀው መንገዱ ውስጥ ይገባል። ነጻው እጃችሁ የት እንዳለ ሁልጊዜ እወቁ።

ከማሽኑ በፊት ሄልሜቱ

እዚህ ላይ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። ሁለቱንም ለመግዛት ገንዘብ የማይበቃችሁ ከሆነ ማሽኑን አትግዙ። «መጀመሪያ እንሥራበት፣ ከትርፉ ሄልሜት እንገዛለን» የሚለውን ከብዙ ልጆች ሰምቻለሁ። እስካሁን ከትርፉ ሄልሜት የገዛ አላየሁም።

ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው የሰንሰለቱ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ነው። ጥርስ እንጂ ስለት አይደለም፤ ሥጋ ሲያገኝ አይቆርጥም፣ ቦጭቆ ያወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ምት የሚመጣው ከባሩ ጫፍ ነው። የጫፉ የላይኛው ግማሽ እንጨት ከነካ ማሽኑ በቅጽበት ወደ ፊታችሁ ይዘላል። ሰው አስቦ ለመመለስ የሚሆን ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሰንሰለት ፍሬን የተሠራው፤ ለዚህም ነው የግራ አውራ ጣት እጀታውን ዞሮ መያዝ ያለበት። ከትከሻ በላይ አንስታችሁ አትቁረጡ። መሰላል ላይ ቆማችሁ አትቁረጡ። ብቻችሁን አትሥሩ።

የሚያስፈልገው ልብስ ይህ ነው፤ የፊት መረብና የጆሮ መሸፈኛ ያለው ሄልሜት፣ ጫፉ ብረት የሆነ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ሰንሰለት የሚያቆም መከላከያ ሱሪ። ሱሪው ውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተመዘው ማርሹን ይጠመጥሙታል፣ ማሽኑ ይቆማል። እኛ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሽቶና ጫማ ከሚያመጣላችሁ ይህን ያምጣላችሁ። የማሽኑ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ጆሮ መሸፈኛው ቅንጦት አይደለም፤ በ25 ዓመቱ ጆሮው የደከመ ሰው ስልክ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ይኖራል።

ኪሳችሁ ውስጥ ደግሞ ንጹሕ ጨርቅና ማሰሪያ ይኑር። ደም ሲፈስ መጀመሪያ ቁስሉ ላይ በንጹሕ ጨርቅ በኃይል መጫን ነው፤ ቡናና አፈር መነስነስ አይደለም። ባጃጅ ጠርታችሁ ወደ ሆስፒታል እስክትደርሱ እጃችሁን ከቁስሉ አታንሱ።

ባህር ዛፍ ጠባዩ

ዛፍ ከመንካታችሁ በፊት ቀና በሉ። ወዴት አዘንብሏል? ነፋሱ ከየት ነው? የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ አለ? ሽቦ አለ? የመብራት ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። ሰዉ ሁሉ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ማለት ነው። በጀፎረ ዳር ከሆነ ሕፃናትና ከብት የሚያርቅ አንድ ሰው ይቁም።

አቆራረጡ ሦስት ደረጃ አለው። በመውደቂያው በኩል ከግንዱ ውፍረት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆን አፍ ትከፍታላችሁ። ከጀርባ በኩል ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ ብላችሁ ትቆርጣላችሁ። በመሐል ከግንዱ ውፍረት አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት ሳትቆርጡ ትተዋላችሁ፤ ይህ እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን እየመራ ይጥለዋል። ማጠፊያውን ጨርሶ የቆረጠ ሰው መሪ የሌለው መኪና ለቀቀ ማለት ነው። ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ማሽኑን አቁማችሁ፣ አስቀድማችሁ ባጸዳችሁት መንገድ፣ ከመውደቂያው በተቃራኒ በሰያፍ ራቁ።

ባህር ዛፍ ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛው፣ ውስጡ ውጥረት አለ። በጣም ያዘነበለውን ከጀርባ በኩል ስትቆርጡት ግንዱ ሳይወድቅ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ላይ ሊዘልና የቆራጩን ደረት ሊመታ ይችላል። ያዘነበለ ዛፍ ለጀማሪ አይሰጥም። ሁለተኛው የእኛው የአተካከል ውጤት ነው። ባህር ዛፉን አጠጋግተን ስለምንተክል የተቆረጠው ሳይወድቅ ሌላው ላይ ይደገፋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከሥሩ ገብቶ የደገፈውን ዛፍ መቁረጥ ማለት ሁለት ዛፍ ራስ ላይ መጣል ነው። ከሥሩ አትግቡ፤ ግንዱ ላይ ገመድ አስራችሁ ከሩቅ ወደ ኋላ ጎትቱት። ካልወረደም ተዉት፣ ሰው እንዳያልፍ ከልሉት፣ የሚችል ሰው ጥሩ።

ጉቶው የባለቤቱ ነው

ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ለገበሬው ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርት የሚመጣው ከዚያ ነው። በመጥረቢያ የተቆረጠ ጉቶ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ ልጡ ይላላል። የሞተር መጋዝ ግን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ ዘምበል አድርጎ፣ ልጡን ሳይገነጥል ሊቆርጥ ይችላል። በመጥረቢያ ሲቆረጥ ከወፍራሙ የግንዱ ክፍል ብዙው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል፤ መጋዙ የሚበላው ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህን ለባለ ዛፉ አስረዱት። «አባባ፣ እኔ ስቆርጥልዎ ከእያንዳንዱ ግንድ አንድ ክንድ ይተርፍልዎታል፣ ጉቶውም ደኅና ያቆጠቁጣል» ብላችሁ ዋጋ ስትጠይቁ፣ በመጥረቢያ ከሚቆርጠው በላይ ለመክፈል ምክንያት አለው። ችሎታ የሚሸጠው እንዲህ ነው።

ፍልጡ

የመፍለጥ ሥራ ብዙ ጉልበት ይመስላል፤ ግማሹ ጊዜ መምረጥ ነው። ባህር ዛፍን እርጥብ ሳለ ፍለጡት። ከደረቀ በኋላ፣ በተለይ ቀይ ባህር ዛፍ፣ ቃጫው የተጠላለፈ ስለሆነ ፋሱን ይመልሰዋል። ጉማጁን አቁማችሁ ጫፉ ላይ የተጀመረ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በዚያ መስመር ምቱ። መሐሉን አትምቱ። ወፍራም ከሆነ ከዳር ከዳሩ እየቀነሳችሁ ወደ መሐል ግቡ።

እምቢ ላለው ሽብልቅና መዶሻ አለ። ሽብልቁ ራሱ ላይ ሲመታ ብረቱ እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ያንን በየጊዜው ሞርዱት፣ ካልሆነ ቁራጩ ተወርውሮ ዓይን ያጠፋል። መጥረቢያን በመዶሻ አትምቱ፤ ለዚያ አልተሠራም። ዛቢያው የላላ ፋስ አታንሱ። መጋዙ አጠገብ ሽብልቅ ካስፈለጋችሁ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ይሁን፤ ሰንሰለት ብረት ሲነካ አለቀለት።

ማሽን የሚሹም አሉ። በመብራት የሚሠራ አምስት ቶን የሚገፋ የሃይድሮሊክ መፍለጫ በተለመደው 220 ቮልት ይሠራል፤ ለዳቦ ቤት ማገዶ የሚሆነውን መካከለኛ ጉማጅ ይችላል። ጥሩው ዓይነት ሁለት እጅ ካልተጫነ አይንቀሳቀስም፤ ሁለቱም እጃችሁ መያዣው ላይ ስለሆነ ስለቱ ጋ አይደርስም። ቪዲዮ ላይ የሚታየውን እንደ ቡሎን የሚሽከረከር ሾጣጣ መፍለጫ ግን ተዉት። ጓንት ወይም እጅጌ ከያዘ ክንድን ይዞ ይዞራል። ብረት ቤት ሄዳችሁ የምታሠሩ ከሆነ «ባለ ሁለት እጅ መቆጣጠሪያ» በሉ፤ ዋጋው ላይ ጥቂት ይጨምራል፣ ጣታችሁ ላይ ግን አይቀንስም።

እርጥብ ባህር ዛፍ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ክብደቱ ውሃ ነው። ፈልጣችሁ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ደርድራችሁ፣ ላዩን ብቻ ሸፍናችሁ ወራት አቆዩት። እርጥብ ማገዶ የሚያጨሰው እናቶቻችን ዓይን ውስጥ ነው። የደረቀ ፍልጥ የሚሸጥ ልጅ ከእርጥቡ የተሻለ ዋጋ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

«ማሽኑ ደን አይጨርስም?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል አልልም። አንድ ሰው በመጥረቢያ ቀን ሙሉ የሚታገለውን ዛፍ መጋዙ በደቂቃዎች ይጥለዋል። ይህ ፍጥነት ባህር ዛፍ ላይ ትርፍ ነው፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ላይ ግን ጥፋት ነው። እነዚህ አራቱ በ1986 በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም የተጠቀሱ ናቸው። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። አገር በቀል ዛፍ ቁረጡ ስትባሉ፣ በሰው ግቢ ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ የወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይታይ። በሌሊት ኑና ቁረጡልኝ የሚል ደንበኛ ደንበኛ አይደለም።

ሌላው ጥያቄ ይከብደኛል። በመጥረቢያ የሚያድሩት ሰዎች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ እንጀራቸውን አይነጠቁም ወይ? ይነጠቃሉ፤ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይህን መደበቅ አልችልም። ግን እነዚህ ሰዎች እናንተ የሌላችሁ እውቀት አላቸው። ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ በዓይናቸው ይለካሉ። አንዱን አባት በቡድናችሁ ውስጥ በድርሻ ብታስገቡ ለሁለታችሁም ይበጃል፤ እናንተ ማሽን አላችሁ፣ እሳቸው ዓይን አላቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አባቶቻችን በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ከየሰፈሩና ከአዲስ አበባ ነጋዴው ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ያሠሩ ናቸው። ዕቁብ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስድስት ልጆች በሳምንት 1,500 ብር ቢጥሉ በአሥር ሳምንት 90 ሺህ ብር ይሆናል። ከላይ በያዝነው ግምት 60ው ለማሽኑ፣ 30ው ለልብሱ፣ ለሞረዱና ለትርፍ ሰንሰለቱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። ሰንሰለት የሚስለው አንድ ሰው ይሁን። ስልካችሁ ላይ ሰዓት፣ ቤንዚንና ገቢ መዝግቡ። ከእያንዳንዱ ሥራ አሥር በመቶ ለጉዳት ቀን አስቀምጡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሁኑ፤ ለሕክምናው ያግዛል፣ ሥራ ፈታችሁ የምትተኙበትን ወር ግን አይከፍልም። ለዚያ ነው አሥር በመቶው።

ለጽሕፈት ቤቶቹም ሁለት ቃል አለኝ። ከ2015 ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ በምስራቅ ጉራጌ ዞን ሥር ናቸው፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ማደያ በጀሪካን እንዳይቀዳ የሚከለከልበት ምክንያት ይገባኛል። ውጤቱ ግን ተደራጅቶ የሚሠራው ልጅ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መግዛቱ ነው። ለተመዘገበ ቡድን በሳምንት የተወሰነ ሊትር የሚያስቀዳ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል ከባድ ነው? በሁለቱም ከተሞች ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችስ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ቢሰጡ? የደን ሙያ ለአሥርተ ዓመታት ያስተማረው የወንዶ ገነት ኮሌጅ ሩቅ አይደለም፤ አሠልጣኝ መጋበዝ ይቻላል።

ለአሠሪዎችም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል። ግቢያችሁ ውስጥ ያለ ሄልሜት የሚቆርጥን ልጅ «ቶሎ በል» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ልጁ ነገም ሌላ ዛፍ መቁረጥ አለበት።

እና እናንተ፣ ቴሌግራሙ ላይ «ስንት ነው?» ብላችሁ የጻፋችሁት፣ ሁለተኛ መልእክት ላኩለት፤ «ፍሬኑን በቪዲዮ አሳየን፣ ሞረዱ ስንት ሚሊ ነው፣ ሄልሜትስ አለህ?» በሉት። መልስ የሌለው ሻጭ ጋ ገንዘባችሁን አትውሰዱ።